የቲሸርት ስፌት ላይን እንዴት ይመጣጠናል? ከሰዓት ልኬት እስከ ጭነት ቀን፣ በቁጥር

በስፌት ፋብሪካ በብዛት የሚታየው አሠራር ከኋላ ይጀምራል። የጭነት ቀኑ ይታያል፣ የትዕዛዙ ብዛት ለቀሩት ቀናት ይካፈላል፣ የተገኘው ቁጥር «ታርጌት» ተብሎ ለሱፐርቫይዘሩ ይሰጣል። ላይኑ (ልብሱ ከኦፕሬተር ወደ ኦፕሬተር እያለፈ የሚሰፋበት መስመር) ያን ያህል ማውጣት ይችል እንደሆነ የሚታወቀው ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔ በእጅ የሚቀረው መፍትሔ ትርፍ ሰዓት ብቻ ይሆናል። ላይን ማመጣጠን (ሥራውን ለኦፕሬተሮቹ በተቀራራቢ ጊዜ ማከፋፈል)፣ የሎት (በአንድ ጊዜ የሚሠራ ብዛት) መጠን መወሰንና የጊዜ ሰሌዳ ማውጣት በሦስት ሰው፣ በሦስት የተለያየ ወረቀት ሲሠሩ መጨረሻው ይኸው ነው። ሦስቱም የሚነሱት ከአንድ ጥያቄ ነው፦ አንድ ልብስ በዚህ ላይን፣ በእነዚህ ሰዎች እጅ ስንት ሰከንድ ይወስዳል?

ምሳሌያችን በሐዋሳም ሆነ በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሊሰፋ የሚችል ተራ ክብ አንገት ቲሸርት ነው፤ 12,000 ፒስ፣ ነጭ 6,000፣ ጥቁር 4,000፣ ቀይ 2,000። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው። በራስዎ ላይን ልኬት ይተኳቸው።

1. ጊዜውን ይለኩ

የሰዓት ልኬት የሚወሰደው ሥራው ከሞቀ በኋላ ነው፤ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ጥሩ ጊዜ ነው። ሰዓቱ የሚነሳው ኦፕሬተሯ ጨርቁን ስታነሳ ሲሆን የሚቆመው ቀጣዩን ስታነሳ ነው። መርፌው የሚሠራበትን ጊዜ ብቻ መለካት የተለመደ ስህተት ነው፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በማንሳት፣ በማስተካከልና በማስቀመጥ ነው። ለእያንዳንዱ ሥራ ቢያንስ 10 ዙር ይለኩ። ክር የተበጠሰበትን ዙር ከአማካዩ ያውጡ፣ ግን መዝግበው ያስቀምጡት፤ በአንድ ማሽን ላይ ከተደጋገመ ጉዳዩ የመካኒኩ ነው። ባንድል (አንድ ላይ የታሰሩ የተቆረጡ ክፍሎች) መፍታትና ማሰርን ለብቻ ለክተው በባንድሉ ውስጥ ላሉት ፒሶች ያካፍሉ።

ከዚያ ፍጥነቷን ይገምግሙ። ትከሻ መግጠም በአማካይ 23 ሰከንድ ወስዶ ኦፕሬተሯ ከመደበኛው ፍጥነት 90 በመቶ ላይ ብትሆን፣ 23 × 0.90 = 20.7 ሰከንድ ይሆናል። ለግል ጉዳይ፣ ለድካምና ለማሽን መስተጓጎል 16 በመቶ ሲጨመር 24 ሰከንድ ይመጣል። መደበኛ ጊዜው ይህ ነው። ሙሉ ዝርዝሩ (ኦቨርሎክ ክፍሎችን ገጥሞ ጫፋቸውን የሚዘጋ፣ ሲንግል ኒድል በአንድ መርፌ ቀጥታ የሚሰፋ፣ ፍላትሎክ የታጠፈ ጫፍ የሚሰፋ ማሽን ነው)፦

1. ትከሻ መግጠም፣ ኦቨርሎክ፣ 24 ሰከንድ
2. የአንገት ሪብ (የሚለጠጥ የአንገት ጨርቅ) ጫፍ መዝጋት፣ ሲንግል ኒድል፣ 12
3. ሪቡን ከአንገት ጋር መግጠም፣ ኦቨርሎክ፣ 30
4. የኋላ አንገት ቴፕ መስፋት፣ ሲንግል ኒድል፣ 20
5. ቴፑን አጥፎ መዝጋት፣ ሲንግል ኒድል፣ 28
6. የአንገት ሌብል፣ ሲንግል ኒድል፣ 14
7. የእጅጌ ጫፍ ማጠፍ፣ ፍላትሎክ፣ 26
8. ሁለቱን እጅጌ መግጠም፣ ኦቨርሎክ፣ 44
9. ሁለቱን ጎን መዝጋት፣ የእጥበት ሌብሉን ጨምሮ፣ ኦቨርሎክ፣ 52
10. የታች ጫፍ ማጠፍ፣ ፍላትሎክ፣ 30
11. ክር መቁረጥ፣ በእጅ፣ 34
12. ምርመራ፣ በእጅ፣ 36

ድምሩ 350 ሰከንድ ነው። ለጥገና የሚመለስ ሥራም ሥራ ነው። ከጎን ስፌት 5 በመቶው የሚመለስ ከሆነ የዚያ ሥራ እውነተኛ ጊዜ 52 ሳይሆን ወደ 55 ሰከንድ ነው።

2. ታክት ታይሙን ያውጡ

የቀኑ ሥራ 8 ሰዓት፣ 480 ደቂቃ ነው። ለጠዋት ዝግጅት፣ ለማሽን ጽዳትና ለአጭር ስብሰባ 30 ደቂቃ ሲቀነስ 450 ደቂቃ፣ ማለትም 27,000 ሰከንድ ይቀራል። ላይኑ ሙሉ ብቃት ላይ ሲደርስ በቀን 1,200 እንዲያወጣ ከተፈለገ፣ 27,000 ÷ 1,200 = 22.5 ሰከንድ፤ ታክት ታይሙ ይህ ነው። በየ22.5 ሰከንዱ አንድ ቲሸርት ከላይኑ ጫፍ መውጣት አለበት፤ በሰዓት 160 ማለት ነው።

በወረቀት ላይ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ የሰው ቁጥር 350 ÷ 22.5 = 15.6፣ ማለትም 16 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። በስፌት ግን ሥራ እንደልብ አይዋሃድም፤ የኦቨርሎክ ሥራ ከፍላትሎክ ሥራ ጋር በአንድ ሰው እጅ አይገባም። ስለዚህ ስሌቱ በማሽን ዓይነት ይከፋፈላል፦ ኦቨርሎክ 150 ሰከንድ፣ 6.7፣ 7 ሰው፤ ፍላትሎክ 56 ሰከንድ፣ 2.5፣ 3 ሰው፤ ሲንግል ኒድል 74 ሰከንድ፣ 3.3፣ 4 ሰው፤ የእጅ ሥራ 70 ሰከንድ፣ 3.1፣ 4 ሰው። ድምሩ 18 ነው። የማመጣጠን ብቃቱ (ከሰዎቹ ጊዜ ውስጥ በሥራ የተሞላው ድርሻ) 350 ÷ (18 × 22.5) = 86.4 በመቶ ይሆናል።

በኤሌክትሮኒክስና በመኪና መገጣጠሚያ ላይ የሚሠራበት፣ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱንና ከእሱ በኋላ የሚመጡትን ሥራዎች ጊዜ ደምሮ ክብደት የሚሰጥ ዘዴ አለ። አንድ ሠራተኛ ብዙ ዓይነት ሥራ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መሥራት ለሚችልበት ቦታ ጥሩ ነው። ለቲሸርት ላይን ግን ማሽኑ ራሱ ገደቡን ስለሚያበጅ በማሽን ዓይነት መቧደኑ ይበቃል።

3. ከማከፋፈል በፊት ሥራ ይቀንሱ

ሲንግል ኒድሉን ይመልከቱ። ለ3.3 ሰው የሚሆን ሥራ 4 ሰው ይዟል። ሌብሉን ለብቻ ከመስፋት ይልቅ ቴፑ በሚዘጋበት ጊዜ ከሥሩ አስገብቶ አንድ ላይ መስፋት ይቻላል። 14 ሰከንዱ ይጠፋል፣ ቴፕ መዝጊያው በ4 ሰከንድ ይጨምርና 32 ይሆናል። የሲንግል ኒድል ድምር 64፣ የልብሱ ድምር 340 ሰከንድ (5.67 ደቂቃ) ሆነ። አሁን 3 ሰው ይበቃል፦ አንዷ ቴፕ ትሰፋለች፤ ሁለተኛዋ ቴፕ ትዘጋለች፤ ሦስተኛዋ በሰዓት 160 ሪብ ለመዝጋት 32 ደቂቃ ይወስድባትና በቀረው ጊዜ የቴፕ መዝጊያዋን ጉድለት፣ ወደ 48 ፒስ፣ በ25 ደቂቃ ትሞላለች። ላይኑ 17 ሰው ሆነ፤ ብቃቱም 340 ÷ (17 × 22.5) = 88.9 በመቶ። ሌብሉን ከማንቀሳቀስ በፊት ግን ከደንበኛው የጸደቀውን ናሙና ይዩ። ሌብሉ በጸደቀው ናሙና ላይ ከቴፑ በታች ተለይቶ የተሰፋ ከሆነ ያለ ደንበኛው ፈቃድ አይነካም።

ኦቨርሎኩ ላይ ያለው ክፍፍል ደግሞ ይህን ይመስላል። እጅጌ 2 ሰው፣ ጎን 2 ሰው፣ ሪብ 1፣ ትከሻ 1፣ ተንቀሳቃሽ 1። እጅጌ ለሁለት ሲካፈል 22 ሰከንድ ስለሆነ ልክ ይገባል። ሌሎቹ ግን ይጎድላሉ፤ በሰዓት ከ160ው የጎን ስፌት 22፣ ሪብ 40፣ ትከሻ 10 ፒስ ይቀራቸዋል። ጉድለቱን ለመሙላት በቅደም ተከተል 19፣ 20 እና 4 ደቂቃ፣ በድምሩ 43 ደቂቃ ያስፈልጋል። የተንቀሳቃሿ ሥራ ይኸው ነው። ሱፐርቫይዘሩ «የተጨናነቀበት ሂጂ» ብሎ ከላካት ግን ቀኑን ሙሉ ስትመላለስ ትውላለች። የሚሻለው የራሷ ማሽን ኖሯት ባንድሉን ሄልፐሯ (ረዳቷ) እንድታመጣላት፣ በየሰዓቱም ምን ያህል ከየትኛው ሥራ እንደምትወስድ በወረቀት ተጽፎ ከማሽኗ ላይ እንዲለጠፍ ማድረግ ነው።

ሦስተኛዋ የፍላትሎክ ኦፕሬተር በሰዓት ግማሹን ያህል ሥራ የላትም። ያ ጊዜ ሌላ ሥራ ለማሰልጠን ይዋል፤ የሚያስከፍለውን ዋጋ ሰው በቀረበት ቀን ይመልሰዋል። የእጅጌ ጫፍ ማጠፍ ከገላው ጋር ስላልተያያዘ ቀድሞ ተሠርቶ ሊቀመጥ እንደሚችልም አይርሱ።

4. ላይኑ በእውነት ምን ያህል እንደሚያወጣ ያስሉ

88.9 በመቶ በወረቀት ላይ ያለ ጣሪያ ነው። ኦፕሬተሮቹ ገና እየለመዱ ባሉበት ላይን አጠቃላይ ብቃቱ 60 በመቶ ቢሆን፣ 17 ሰው × 450 ደቂቃ × 0.60 ÷ 5.67 = 810 ፒስ በቀን፣ በሰዓት 108 ይወጣል። ሰሌዳው የሚሠራው በዚህ ቁጥር ነው። በ1,200 የተሠራ ሰሌዳ በሁለተኛው ቀን ይፈርሳል፤ ከዚያ በኋላ በላይኑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር የሚያምን ሠራተኛ አይኖርም፣ እውነቱ ያለውም ከሠራተኛዋ ጋር ነው።

አዲስ ስታይል ሲገባ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበልጥ ዝቅ ይላሉ። በመጀመሪያዎቹ 4 ቀናት 300፣ 450፣ 600፣ 700 ቢወጣ 2,050 ነው። የቀረው 9,950 በቀን 810 ሲሠራ 12.3፣ ማለትም 13 ቀን ይወስዳል። ስፌቱ በጠቅላላው 17 የሥራ ቀን ነው፤ 12,000ን ለ1,200 ያካፈለ ሰው 10 ይላል። ብዙ የጭነት መዘግየት የሚወለደው በእነዚህ 7 ቀናት ውስጥ ነው።

5. ሎቱን ይወስኑ

ሎት ሲባል ሦስት የተለያየ ነገር ይነሳል፤ የአንድ ቀለም ሩጫ፣ የቆረጣ ሎትና የባንድል መጠን። ለእያንዳንዱ የሚያመዛዝኑት ነገር የተለየ ነው።

በቀለም ሩጫ እንጀምር። ቀለም ሲቀየር ላይኑ በሙሉ ለ25 ደቂቃ ቢቆም 17 × 25 = 425 የሰው ደቂቃ ይባክናል፤ በ60 በመቶ ብቃት 45 ቲሸርት ማለት ነው። ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር በተከታታይ ከተሰፉ 2 ለውጥ ብቻ አለ። ቅደም ተከተሉ ከነጭ ወደ ጥቁር ይሁን፤ የጥቁር ጨርቅ ብናኝ ማሽን ውስጥ ቀርቶ ነጩን ያቆሽሻል። ደንበኛው ዕቃው በ3 ጊዜ ተከፋፍሎ፣ በየጊዜው ሦስቱም ቀለም ይጫን ቢል 8 ለውጥ ይኖራል። ተጨማሪው 6 ለውጥ 270 ቲሸርት፣ የቀን ሥራ ሲሶ ነው። ስለዚህ «አይቻልም» ከማለት በፊት ዋጋውን አስልቶ ማቅረብ ይሻላል።

25 ደቂቃው ራሱም ይቀነሳል። 7 ባለ አራት ክር ኦቨርሎክ ብቻ 28 ኮን ክር አለው። አዲሱን ክር ከአሮጌው ጋር ቋጥሮ መጎተት እያንዳንዱን ማሽን እንደ አዲስ ከማስገባት በጣም ይፈጥናል። ላይኑን በሙሉ ማቆምም አያስፈልግም፤ የመጨረሻው ነጭ ባንድል ከትከሻ ሲወጣ የትከሻው ማሽን ክር ይቀየራል፣ ለውጡም ባንድሉን እየተከተለ ይሄዳል።

ለአገር ውስጥ ገበያ አምርቶ መጋዘን ለሚያስቀምጥ ግን ጥያቄው ሌላ ነው፤ ስንት ሳምንት የሚሸጥ ዕቃ በአንድ ጊዜ ይሠራ? የሳምንቱ ፍላጎት በተከታታይ 800፣ 600፣ 1,500፣ 400፣ 300፣ 1,400 ነው እንበል። አንድ ጊዜ ማዘጋጀት 4,000 ብር፣ አንድ ፒስ ለአንድ ሳምንት ማስቀመጥ 1 ብር ይፈጃል። የሲልቨርና ሚል ዘዴ እንዲህ ይሠራል፦ ተከታዩ ሳምንት ሲጨመር በሳምንት የሚደርሰው አማካይ ወጪ እስከቀነሰ ድረስ ይጨምሩ፣ ሲነሳ ያቁሙ።

አንድ ሳምንት ብቻ፦ 4,000 ብር። ሁለት ሳምንት፦ (4,000 + 600) ÷ 2 = 2,300። ሦስት ሳምንት፦ (4,600 + 2 × 1,500) ÷ 3 = 2,533። ተነሳ፣ ያቁሙ። የመጀመሪያው ሎት 1,400 ነው። ከሦስተኛው ሳምንት እንደገና ሲጀመር 4,000፣ 2,200፣ 1,667፣ ከዚያ 2,300 ይመጣል፤ ሁለተኛው ሎት የሦስት ሳምንት፣ 2,200 ፒስ ይሆናል። ሦስተኛው 1,400። ጠቅላላ ወጪው 13,600 ብር ነው። በየሳምንቱ ቢሠራ 24,000፣ ሁሉም በአንዴ ቢሠራ 17,000 ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ትልቁ ስህተት የማዘጋጃ ወጪውን በደፈናው ማስቀመጥ ነው። ላይኑ ሥራ ሞልቶበት ከሆነ የማዘጋጃ ጊዜ የጠፋ ምርት ነው፤ ወጪው ከፍ ይላል፣ ሎቱም ይተልቃል። ላይኑ ክፍት ጊዜ ካለው ወጪው ክርና ጥቂት የተበላሸ ጨርቅ ብቻ ነውና ሎቱ ትንሽ ይሁን።

የቆረጣ ሎት የሚወሰነው በማርከሩ (የልብሱ ክፍሎች በጨርቁ ላይ በሚደረደሩበት ንድፍ) ነው። ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅና ኤክስትራ ላርጅ በ1፣ 2፣ 2፣ 1 ከተደረደሩ በአንድ ድርድር 6 ቲሸርት አለ፤ 80 ድርብ (ንብብር) ጨርቅ ሲነጠፍ 480። ሹራብ ጨርቅ ከጥቅሉ ተፈትቶ 24 ሰዓት ሳይተኛ ከተቆረጠ ከስፌት በኋላ ይሸበሸባል፣ መጠኑም ያጥራል። የተለያየ ጥቅል የቀለም ልዩነት ስላለው እያንዳንዱ ክፍል የድርብ ቁጥር ይለጠፍበት፤ የ14ኛው ድርብ እጅጌ ከ14ኛው ድርብ ገላ ጋር ብቻ ይገጠማል።

ባንድል ደግሞ የሚመዘነው በላይኑ ውስጥ ከሚቆየው ጊዜ ጋር ነው። 17 የሥራ ቦታ እያንዳንዱ አንድ በእጅ፣ አንድ በተራ ባንድል ቢኖረውና ባንድሉ 20 ፒስ ቢይዝ፣ ላይኑ ውስጥ 680 ቲሸርት አለ። በሰዓት 108 ሲወጣ አንድ ቲሸርት ለመውጣት 6.3 ሰዓት ይፈጅበታል። ጠዋት ትከሻ ላይ የተበላሸ ስፌት ምርመራ ላይ የሚታየው ቀኑ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ያኔ 680ውም አንድ ዓይነት ብልሽት ሊኖርበት ይችላል። ባንድሉ 10 ሲሆን ጊዜው ወደ 3 ሰዓት ይወርዳል። ለቲሸርት 10 ጥሩ ነው። ከ5 በታች ከወረደ ግን ማሰርና መፍታቱ ከስፌቱ ጊዜ ይበላል።

6. ሰሌዳውን ከመርከቡ ወደ ኋላ ይሥሩ

መነሻው ዕቃው ጅቡቲ ወደብ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ነው። ከዚያ የጭነት መኪናው የጉዞ ጊዜ፣ የጉምሩክ ሰነድ፣ የደንበኛው የመጨረሻ ምርመራ 1 ቀን፣ ካውያና ማሸጊያ ከመጨረሻው ስፌት በኋላ 2 ቀን፣ ስፌት 17 ቀን፣ ቆረጣ ከስፌቱ 2 ቀን ቀድሞ፣ ጨርቅ ምርመራና ማስተኛት ከቆረጣው በፊት ቢያንስ 3 ቀን ይቀነሳል። ቆረጣው ከ2 ቀን በላይ አይቅደም፤ በቀን 2 ንጣፍ (960 ፒስ) ስለሚበቃ ከዚያ በላይ መቁረጥ መደርደሪያ ከመሙላቱም በላይ የሳይዝ ለውጥ ሲመጣ ጨርቁን ያስጥላል።

ደንበኛው የሚጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ ሰሌዳው ላይ ሁለቱም ቀን ይጻፍ። መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ዒድ ከሥራ ቀን ውስጥ አስቀድመው ይውጡ። ሌብል፣ ፖሊባግና ካርቶን ያልገባበት ትዕዛዝ ጨርቁ ቢኖርም ሰሌዳ ላይ አይውጣ።

ብዙ ትዕዛዝ በአንድ የኅትመት ክፍልና በአንድ ላይን የሚያልፍ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ራሱ ቀን ያተርፋል። አራት ትዕዛዝ፣ መጀመሪያ ኅትመት ከዚያ ስፌት፣ በቀን፦ ሀ 4 እና 5፤ ለ 1 እና 6፤ ሐ 6 እና 2፤ መ 3 እና 4። በጆንሰን ሕግ ከሁሉም ትንሹን ቁጥር ይፈልጉ። ኅትመት ላይ ከሆነ ትዕዛዙ ወደ ፊት፣ ስፌት ላይ ከሆነ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በቀሩት ላይ ይድገሙ። ውጤቱ ለ፣ መ፣ ሀ፣ ሐ ሲሆን ሁሉም በ18ኛው ቀን ያልቃል። በመጡበት ተራ ቢሠሩ 21 ቀን ይፈጅ ነበር። የጭነት ቀናቸው የተራራቀ ከሆነ ግን ይህን ትተው ቀኑ የቀረበውን ያስቀድሙ፤ ትልቁን መዘግየት ብዙ ጊዜ የሚያሳንሰው እሱ ነው።

ትርፍ ሰዓትን በሰሌዳው ውስጥ አስቀድመው አያስገቡ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፣ የሚፈቀደውም በአዋጁ በተዘረዘሩ ምክንያቶች ነው። 12 ሰዓት ሙሉ ቢሠራና ፍጥነቱ ባይቀንስ እንኳ በሳምንት የሚገኘው 1,296 ቲሸርት ነው። ከዚያ በላይ የዘገየ ትዕዛዝ በትርፍ ሰዓት አይድንም፤ ሁለተኛ ላይን መክፈት ወይም ለደንበኛው ቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

7. በየሰዓቱ ይከታተሉ፣ በ3ኛው ቀን እንደገና ያመጣጥኑ

በላይኑ መጨረሻ ያለው የምርት መመዝገቢያ ሰሌዳ ብቻ አይበቃም። እጅጌ መግጠሚያው ላይም በሰዓት ስንት እንደወጣ ይጻፍ፤ ሁለቱ ኦፕሬተሮች በሰዓት ከ120 ደቂቃ 117ቱን የተሞሉ ናቸው፣ ማነቆው እዚያ ነው። ከፊታቸው ሁልጊዜ 2 ባንድል ይኑር። ባዶ ከሆኑ የጠፋው ጊዜ የላይኑ በሙሉ ነው። ከፊታቸው 5 እና 6 ባንድል ከተከመረ ደግሞ ከእነሱ በፊት ያለውን ሥራ የሚሠሩት መስፋት ያቁሙና ወደ እነሱ ይምጡ።

በ3ኛው ቀን እጃቸው ሥራውን ስለሚለምድ ልኬቱን ይድገሙ። ማነቆው ቦታ ይቀይራል፤ ብዙ ጊዜ ወደ ታች ጫፍ ማጠፊያ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ፍላትሎክ ላይ ማሽኑ ጨርቁን የሚስብበት ፍጥነት ካልተስተካከለ ጫፉ ሞገድ ይይዝና ኦፕሬተሯ ለማቅናት ትዘገያለች። እዚያ ሰው ከመጨመር በፊት መካኒኩ ዲፈረንሻል ፊዱን (ጨርቁን የሚስበውን ክፍል) ያስተካክል።

ሁለት የኦቨርሎክ ኦፕሬተሮች ቢቀሩ 5 ሰው × 3,600 ÷ 150 = 120 በሙሉ ብቃት፣ በላይኑ የተለመደ ፍጥነት ደግሞ 120 × 108 ÷ 160 = 81 በሰዓት ይወጣል። ታርጌቱ ያኑ ጠዋት ወደ 81 ይውረድ። የፍላትሎክና የሲንግል ኒድል ኦፕሬተሮች ትርፍ የሚሆነው ጊዜያቸው በክር መቁረጥና በጥገና ይዋል እንጂ ከማነቆው በፊት ባንድል አይከምሩ፤ ማታ የሚቀረው ክምር በማግስቱ የትኛው የየትኛው ድርብ እንደሆነ ለመለየት ሌላ ሰዓት ይፈጃል።